ጋሼ ሙላትን ያስተነፈስኩበት ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ፣ በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነው። እስካሁን በሙሉ ለማንም አላወራሁትም። ባልደረቦቼ ግማሹን ያውቁታል፤ «እግዚአብሔር ነው ያተረፋችሁ» ብለው አማትበው ያልፉታል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላኛው ግማሽ ነው። በሆዴ ይዤው ከምኖር ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ነርስ ነኝ፣ የደምበጫ ልጅ። ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ በየገጠሩ እየዞረ የትራኮማ ሕሙማንን የሚያክም ቡድን ውስጥ እሠራ ነበር። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ብርቱካን የምትባል ነርስና ሾፌራችን ጋሼ ሙላት። ከመኪናችን ኋላ የሚጎተት ባለ ጎማ ቤት ነበረን። በእርዳታ የመጣ ነው፤ ፈረንጆቹ ለሽርሽር የሚጎትቱት ዓይነት። እኛ «ተሳቢው» እንለዋለን። ውስጡ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥንና የጋዝ ምድጃ አለው። በምድጃው የቀዶ ጥገና መሣሪያ እንቀቅላለን፤ አልጋው የጋሼ ሙላት ነው። እኔና ብርቱካን የምናድረው ጤና ኬላ ወይም ሰው ቤት ነው።

ከአልጋው ግርጌ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የምታክል ነጭ ሳጥን ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ጋዝ ሲያፈስ የምትጮህ አላርም ናት። እኔ ግን ስትጮህ የሰማኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ ያውም በጋዝ አይደለም። ብርቱካን ቆዳ የምንጠርግበትን አልኮል ወለሉ ላይ ስትደፋው አላርሟ ጆሯችንን አደነቆረችው። ያን ቀን ስቀን ስቀን፣ «ይቺ እንኳ ቆራቢ ናት፣ መጠጥ አትወድም» አልን። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት!

ጋሼ ሙላት የቡሬ ሰው ናቸው፤ ሃምሳ አምስቱን አልፈዋል። በጎልማሳነታቸው ከባድ መኪና ሲነዱ፣ አረቄ ትዳራቸውን አፍርሶባቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ልጆቹን ይዘው ወላጆቻቸው ዘንድ ገቡ። የተመለሱት ጋሼ በንስሐ አባታቸው ፊት በመስቀል ምለው አረቄን ከተዉ በኋላ ነው። እትዬም «ዳግመኛ ከቀመሰ ግን ሄጄ አልመለስም» ብለዋል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው፣ እየነዱ፣ እየሳቁ። ሳቃቸው ሳቅ ነው፤ ግን ያን ቃል ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንደ እንቁላል ይዘውት ነው የሚዞሩት። አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ አላመካኝም።

በዚያ ሰኔ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ካለች የሚካኤል ደብር አጠገብ ሰፈርን። ተሳቢውን ከቅጥሩ ውጭ ከፍ ያለች ሜዳ ላይ አቆምነው። ወደ ሜዳዋ የሚያደርሰው መንገድ ምን መንገድ ነው፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨን ነው የደረስነው። ሕክምናውን የምንሰጠው ከታች ጤና ኬላው ውስጥ ነው።

በዋዜማው ጠዋት የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ይትባረክ ሁለት ጀሪካን አረቄ አስይዘው መጡ። ለነገው ንግሥ የተዘጋጀ የማኅበሩ አደራ ነው። «ቤታችሁ ቁልፍ አለው፤ እስከ ነገ ይደርልን» አሉ። እሺ አልኩ፤ ቄስ ለምነው እንዴት እምቢ ይባላል? ጀሪካኖቹን ጋሼ ሙላት አልጋ አጠገብ አስቀመጥናቸው።

ጋሼ አዩና ጠጋ አሉኝ።

«ሲስተር፣ እሱን ከእኔ አጠገብ ባታኖሪው ምን ይመስልሻል?»

«እርስዎ ካልነኩት እሱ አይነካዎት!» ብዬ ሳቅሁባቸው። እሳቸውም ሳቁ። ምላሴ ሁልጊዜ ከልቤ ቀድማ ነው የምትደርሰው፤ እናቴ ይህን ስትነግረኝ ነው ያደግሁት።

ረፋዱ ላይ አላርሟ ጮኸች። ሮጬ ወጣሁና በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ ትንሽ ቆይታ ዝም አለች። የአንደኛው ጀሪካን ክዳን በደንብ አልተጠበቀም። «በቃ፣ አረቄው ሸቷት ነው» አልኩ። ጀሪካኖቹን ወደ ጤና ኬላው አስወረድኳቸው፣ በሩን ክፍት ትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በሩ ክፍት ሆኖ እስከ ምሳ ድምፅዋ አልተሰማም። ምርመራዬን ጨረስኩ ማለት ነው፤ ጎበዝ መካኒክ!

በምሳ ሰዓት ጋሼ፣ «ከአልጋዬ ሥር የሆነ ሽታ አለ» አሉኝ። እኔ ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ምንም አይለይም። ከታች ደግሞ ሴቶቹ ለንግሡ ወጥ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ሽንኩርት ሲወቅጡ ነው የዋሉት፤ ሰፈሩ በሙሉ እሱን እሱን ይላል። «የሽንኩርቱ ነው ጋሼ» አልኳቸው። የጋዝ ሽታ ከበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት እንደሚመሳሰል ሥልጠና ላይ ተነግሮኛል። ተነግሮኝ ነበር እኮ!

ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። የሰኔ ዝናብ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሰማዩ ጨለመ። ጋሼ በሩን ዘግተው ጋደም ባሉበት አላርሟ እንደገና ለቀቀችው። ዝናቡን ጥሳ እስከ ታች ትሰማለች። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ መምሬ ይትባረክ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጣን፤ ሕሙማኑም፣ ወጥ ሠሪዎቹም ምን መጣ ብለው ተከተሉን። ስንደርስ ጋሼ ከእንቅልፍ የነቁ ዓይናቸውን እያሹ በሩ ላይ ቆመዋል።

ገብቼ ማጥፊያዋን ተጫንኩ፤ ዝም አለች። አረቄው ወጥቷል። ታዲያ ምን አስጮሃት? በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ጀሪካኖቹን ሳስወርድ አንደኛው ጎደል ብሎ ነበር። ጠዋት ሰውየው ከአረቄው ጋር ብቻቸውን ነበሩ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ቀምሰዋል?» አልኳቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ምኑን?»

«አረቄውን ነዋ። አንዱ ጀሪካን ጎድሏል።»

መምሬ፣ «ኧረ ሲስተር፣ እኔ ጀሪካኑ ሲሞላም አላየሁ» አሉ። አልሰማኋቸውም። እልህ ሲይዘኝ ጆሮ የለኝም።

«ካልቀመሱ ምን ቸገረዎ? ዝቅ ይበሉና ይተንፍሱባት። ይቺ አትዋሽም።»

ጋሼ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ፊቴን ሲያዩ ቀልድ አለመሆኑ ገባቸው። ከዚያ፣ የልጅ አባት፣ ባለ ሽበት ሰው፣ በሁለት ጉልበታቸው ተንበርከኩና አፋቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው «እፍ» አሉ።

አላርሟ ጮኸች።

ማጥፊያዋን ሲጫኗት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ዝም ብላ፣ ጋዙ ካለ እንደገና እንደምትጮህ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን እኔም ሰዉም ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ተነፈሱ፣ ማሽኑ መሰከረ። ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ ማሽኑም ያውቀዋል!» ብሎ ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ዓይኗን አክመን የሸፈንናት አንዲት ሴትዮ ሳትቀር፣ ምንም ሳታይ፣ አብራ ሳቀች።

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሱ። ሁልጊዜ «አንቺ» የሚሉኝ ሰው፣ «ሲስተር፣ ቀምሼ ከሆነ እሳት ይብላኝ። ካልቀመስኩ ግን ለእርስዎም ለዚህ ሰውም የሚፈርደው ሚካኤል ነው» አሉኝና ካፖርታቸውን እንኳ ሳያነሱ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። መምሬ ይትባረክ አንድ ጊዜ አዩኝ። ጃንጥላቸውን ይዘው ቁልቁል ተከተሏቸው።

እኔ የአላርሟን ገመድ ነቀልኩ። ወንጀለኛው ከተገኘ ምን ትሠራልኛለች? በሩንም መስኮቱንም ዝናብ እንዳይገባ ዘግቼ ወረድኩ።

ዝናቡ አባርቶ፣ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ለመጨረሻዎቹ ሕሙማን መሣሪያ ልንቀቅል እኔና ብርቱካን ተመልሰን ወጣን። ብርቱካን ኩርፍ ብላብኛለች። «አዋረድሻቸው» ብላኛለች፤ ሽታውንም የሽንኩርቱ ነው ብላ ለምዳዋለች። ድስቱን ምድጃው ላይ ጣድኩ፣ ክብሪቱን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ እልሄ መለሰኝ። «ቆይ ላሳይሽ፤ አሁን እሳቸው የሉም አይደል? ዝም ትላለች» ብዬ ጎንበስ አልኩና የአላርሟን ገመድ መልሼ ሰካሁት።

ትንሽ ቆየችና ያን ጩኸቷን ለቀቀችው።

አረቄ የለም። ጋሼ ሙላት የሉም። እኔ በጾም ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ከእኔና ከብርቱካን በቀር እዚያ ቤት ውስጥ የሚተነፍስ የለም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ በግራ እጄ የክብሪት ቀፎ፣ በቀኜ የክብሪት እንጨት ይዤ ነበር። ክብሪቱን መጣል እንኳ ፈራሁ፤ የጣልኩት የሚቀጣጠል መሰለኝ። «ብርቱኬ» አልኩ፣ «ጋዝ ነው። ምንም ሳትነኪ ውጪ።»

በሩን በርግደን ወጣን። ሲሊንደሩ ከፊት ለፊት ሳጥን ውስጥ ነው፤ አፉን አጥብቄ ዘጋሁት። ጠዋት ማታ ስለምንቀቅል ሲሊንደሩን መዝጋት ልማዳችን አልነበረም። ስንት ሰዓት እንደፈሰሰ እግዜር ይወቀው። የምንጠቀመው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። በተከፈተው በር፣ በደረጃው ላይ ቁልቁል ወደ መንገዱ እየወረደ መሆኑ ታየኝ። አይታይም፤ ግን ታየኝ።

ብርቱካን ክንዴን ጨበጠችኝ። «ሲስተር፣ እዪ!» አለችኝ።

ከታች በዚያው መንገድ ሰው እየወጣ ነው። ከፊት መምሬ ይትባረክ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላ ጋሼ ሙላት ባዶ ራሳቸውን፣ ልብሳቸው ከላያቸው ላይ ተጣብቆ። ከኋላቸው ያ የሳቀው ሰው ሁሉ። ጋሼ በቀኝ እጃቸው የበራ ጧፍ ይዘዋል። ንፋሱ እንዳያጠፋባቸው በግራ እጃቸው ከልለውታል።

ባገራችን የሚምል ሰው ጧፍ አብርቶ፣ «ዋሽቼ ከሆነ ዘሬ እንዲህ ይጥፋ» ብሎ ያጠፋዋል። ከዚያ በላይ መሐላ የለም። ጋሼ በተዋረዱበት ቦታ፣ በተንበረከኩበት ወለል ላይ፣ ባስተነፈስኳቸው ማሽን ፊት ሊምሉ ነው የመጡት።

«ጋሼ! ያጥፉት! በሚካኤል ያጥፉት!» ብዬ ጮኽኩ።

ቆሙ። አዩኝ። ፊታቸው ምን እንደመሰለ እስክሞት አልረሳም። መሐላቸውን የከለከልኳቸው መሰላቸው። አስተንፍሼ፣ አዋርጄ፣ አሁን ደግሞ አይማሉ የምላቸው መሰላቸው።

«አላጠፋም!» አሉ። «የማጠፋው ስምልበት ነው!»

ጭራሽ እርምጃቸውን አፈጠኑ። «ጋዝ ነው! ጋዝ!» እላለሁ፣ ብርቱካንም ትጮኻለች፣ አላርሟም ትጮኻለች፣ ሕዝቡም ያጉረመርማል፤ ማን ማንን ይሰማል? ደረጃው ጋ ለመድረስ ዐሥር እርምጃ ቢቀራቸው ነው። እግሬ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ተንደርድሬ ወርጄ የጧፉን እሳት በባዶ መዳፌ ጨበጥኩት።

«እሰይ» ያለኝ የለም። ከሕዝቡ መካከል «ውይ!» የሚል ድምፅ ወጣ፤ አንዲት ሴት ደረቷን ደቃች። የሰው መሐላ በእጅ ጨፍልቆ ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ጋሼ ሙላት ባዶ ክሩን ይዘው ቆመው ቀሩ። እኔ ደግሞ መዳፌ እየነደደኝ፣ እያለቀስኩ፣ «እርስዎ አይደሉም ጋሼ፤ ጋዙ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ጋዙ ነው» እላለሁ።

መምሬ ይትባረክ ናቸው መጀመሪያ የገባቸው። በሁለት እጃቸው ሕዝቡን ወደ ኋላ ገፉት፣ ሲጋራ የያዘውን ሁሉ አስጣሉ፣ ከወጥ መሥሪያው እሳት በኩል ማንም እንዳይመጣ አዘዙ። ቤቱ በሩም መስኮቱም ተከፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ነፈሰበት። አላርሟ ከብዙ ጊዜ በኋላ በራሷ ዝም አለች።

ቀዳዳውን ያገኙት ጋሼ ሙላት ራሳቸው ናቸው። ማንንም ሳያናግሩ ሳሙና በውሃ በጥብጠው ከሲሊንደሩ ጀምረው የጋዙን መስመር ጎማ ስንዝር በስንዝር አሻሹት፤ ሲሊንደሩን ለአፍታ ከፈት አድርጌ እንድይዝላቸው በእጃቸው ብቻ ምልክት ሰጡኝ። ከአልጋቸው ሥር፣ ጎማው በብረቱ ቀዳዳ በሚያልፍበት ላይ፣ አረፋው ኩፍ አለ። በመጣንበት መንገድ ብረቱ ጎማውን ሲፈትገው ሰንብቷል። አረፋው ይነፋል፣ ይፈነዳል፣ ይነፋል። ጋሼ ጣታቸውን ወደዚያ ቀስረው ቀና ብለው አዩኝ። ያን ቀን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የጎደለው ጀሪካንም ነገር ተጣራ። ማኅበሩ ሲያስረክብ ጀምሮ ጎዶሎ ነበር።

በማግሥቱ፣ ንግሡ ወጥቶ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ መምሬን ሽማግሌ አድርጌ፣ ድንጋይ ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ ጋሼ ሙላት እግር ሥር ተንበረከክኩ። ያ የሳቀ ሰው ሁሉ እያየኝ። የመንበርከክ ተራው የእኔ ነበር። ጋሼ ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱልኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። እሳት መሐል ገብተሽ ነው ያዳንሽኝ» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ለብዙ ወር ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ፣ የተቃጠለ መዳፌን እያሳየሁ ሳወራ ከረምኩ።

በሚቀጥለው ጥር ከመራዊ ስንመለስ፣ ቡሬን አልፈን ሁለታችን ብቻ ጋቢና ውስጥ ሳለን፣ ጋሼ ሳልጠይቃቸው ወሬ ጀመሩ።

«ያን ቀን ከእናንተ ተለይቼ የሄድኩት መምሬ ዘንድ መሰለሽ?» አሉኝ።

«አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ከታች ካለችው አረቄ ቤት ነው የገባሁት። ሰው እንደሆነ ፈርዶብኛል። አንድ መለኪያ አስቀዳሁ። ከአፌ አድርሼው ነበር።»

መንገዱን እያዩ ቀጠሉ።

«መምሬ ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ተው አላሉኝም። ‹መለኪያውን ትተህ ጧፍ ብትይዝስ? ሂድና በፊቷ ማል› አሉኝ። እሱን ይዤ ነው የወጣሁት። ስታጠፊብኝ፣ በቃ ወደዚያች ቤት ተመልሼ ልሂድ ብዬ ነበር። ‹ጋዝ ነው› ያልሽው ባይሰማኝ ኖሮ ተመልሼም ነበር።»

ከዚያ ስለ መኪና ጎማ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

አሁን ሌላ ቦታ ነው የምሠራው። ጋዙ ቢቀጣጠል ብዙ ሰው ያልቅ እንደነበር ይገባኛል፤ ያም ያስፈራኛል። ግን ሲሊንደሩን በእጄ ዘግቼዋለሁ። ያችን መለኪያ ከአፋቸው ያደረስኳት እኔ ነኝ፣ የመለሷት ግን መምሬ ናቸው። እሳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው ባይከተሉ ኖሮ አንድ ቤት በእኔ ምላስ ፈርሶ፣ እኔ ዛሬም «ብዬ አልነበር! ጠጪ ናቸው» እያልኩ እኖር ነበር። በደሌን እንኳ ሳላውቀው። ይህን ሳስብ በቁሜ ያልበኛል።

በየዓመቱ ለሰኔ ሚካኤል እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ እደውላለሁ። እንኳን አደረሰዎ እላለሁ፣ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ «ጋሼስ?» እላለሁ። «ደህና ናቸው፣ በጊዜ ገብተዋል» ሲሉኝ ልቤ ይመለሳል። ለምን እንደምደውል ነግሬያቸው አላውቅም። ዘንድሮም ደወልኩ፤ ደህና ናቸው።